አንድ ቦቴ፣ አንድ መንገድ፦ «ማድ ማክስ 2» ለምን አላረጀም?

አዳማ ውስጥ ከፊልም ማሳያ በፊት ለጀማሪ ፊልም ሠሪዎችና ለፊልም ወዳጆች የቀረበ ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች ተስተካክሏል። የፊልሞቹ ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

እንደምን አመሻችሁ። ከእናንተ መካከል ዛሬ እዚህ እስኪደርስ ድረስ መንገድ ላይ ቦቴ ያላየ ሰው ያለ አይመስለኝም። ከጅቡቲ የተነሳ ነዳጅ አዋሽንና መተሐራን አልፎ በዚህች ከተማ በኩል ወደ መሀል አገር ይገባል። ዛሬ ማታ የምናየው ፊልም የአንድ ቦቴ ታሪክ ነው። አዳማ ላይ እንዲታይ የተመረጠውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ እዚህ ያለ ተመልካች የነዳጅ ጭነት ምን እንደሚመዝን፣ ተሳቢ ሲገለበጥ ምን እንደሚሆን፣ የማደያ ወረፋ ሰውን ምን እንደሚያደርግ ማንም ሊነግረው አያስፈልግም።

«ማድ ማክስ 2» የተሠራው በ1981 አውስትራሊያ ውስጥ ነው። በ1982 አሜሪካ ሲገባ የመጀመሪያውን ክፍል ያየው ሰው ጥቂት ስለነበር ቁጥሩ ቀርቶ «ዘ ሮድ ዋሪየር» ተባለ። ከ40 ዓመት በላይ አልፎታል። ዛሬም በብዙ አገር ያሉ አድናቂዎች የዋናውን ባለታሪክ የማክስን ጥቁር መኪና ቅጂ በየጋራዣቸው ይገጣጥማሉ። ፊልሙ በተቀረጸበት አካባቢ፣ ሲልቨርተን በምትባል ትንሽ መንደር፣ በ2010 ለፊልሙ ብቻ የተሰጠ ሙዚየም ተከፍቷል። ከዚያ ወዲህ የወጡትን የፈረሰ ዓለም ፊልሞች፣ የጃፓን የሥዕል ታሪኮችና የቪዲዮ ጌሞች ብታዩ፣ ዝገት የለበሰ መኪና፣ የስፖርት ትከሻ መከላከያ ያደረገ ሽፍታና አቧራማ አውራ ጎዳና ታገኛላችሁ። ይህ መልክ ሲሠራ ሲሠራ የመጣው በአብዛኛው ከዚህ ፊልም ነው።

ለዕድሜው መርዘም ሁለት ምክንያት ሲሰጥ እንሰማለን። አንዱ ጭካኔውና ፍጥነቱ ነው ይላል። በዚያው ዘመን ግን ከእሱ የባሰ ደም የሚፈስባቸው ፊልሞች የቪዲዮ ቤቱን መደርደሪያ ሞልተውት ነበር፤ አብዛኞቹን ዛሬ የሚያስታውስ የለም። ሁለተኛው ምክንያት ትንቢት ተናግሯል የሚለው ነው። ይህም አያስኬድም። ነዳጅ ከዓለም አልጠፋም፤ ቢጠፋም ሰው በቆዳ ልብስና በሞተር ሳይክል ይዋጋል ብሎ የሚያምን ተመልካች የለም፤ እንዲያም ሆኖ ፊልሙ ይይዘዋል።

የማምንበት ምክንያት ሌላ ነው። በዚህ ፊልም ውስጥ ያለ ዕቃ ሁሉ ዋጋ አለው፣ ዋጋውም ያለ ንግግር በዓይን ይታያል። ማን ምን እንደሚፈልግ፣ የቱ ጋ እንዳለ፣ ለማግኘት ምን እንደሚከፍል፣ ሳይነገረን እናውቃለን። ዋናው ባለታሪክ ማክስ በፊልሙ ሙሉ የሚናገረው ተሰብስቦ ቢጻፍ አንድ ገጽ መሙላቱን እጠራጠራለሁ። ስለዚህ ተርጓሚም፣ አንባቢም፣ አስረጂም ሳይፈልግ ድንበር ይሻገራል። ይህ ደግሞ በአጋጣሚ የሆነ አይደለም፤ እንዴት እንደተሠራ ዘርዝሮ ማሳየት ይቻላል፤ ዛሬ የምሞክረውም ይህንኑ ነው።

ከነዳጁ እንነሳ። በ1973 ጥቅምት ወር የአረብ ነዳጅ አምራች አገሮች ሽያጭ ሲያግዱ፣ በርሜሉ 3 ዶላር ገደማ የነበረ ድፍድፍ ዘይት በጥቂት ወራት ውስጥ ወደ 12 ዶላር ተጠጋ። የመጀመሪያውን «ማድ ማክስ» ከዳይሬክተሩ ጋር የጻፈው ጋዜጠኛው ጄምስ ማካውስላንድ ነው። እሱ ኋላ እንደጻፈው፣ ሐሳቡን የሰጠው አውስትራሊያ ውስጥ ነዳጅ በጠፋ ሰሞን በማደያዎች የታየው ነገር ነው፤ ወረፋ ጥሶ ሊገባ የሞከረ ሰው ዱላ ይገጥመው ነበር።

የዚያው ቀውስ ማዕበል እኛም ጋ ደርሷል። በየካቲት 1966 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ባለታክሲዎች የቤንዚን ዋጋ መጨመሩን ተቃውመው ሥራ አቆሙ። ያ አድማ ከመምህራኑ፣ ከተማሪዎቹና ከወታደሩ እንቅስቃሴ ጋር ተደምሮ የት እንደደረሰ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ከዚያ በኋላ የመጣውን የደርግ ዘመን የነዳጅ ኩፖን ታላላቆቻችን አይረሱትም፤ በመንገድ ዳር በሃይላንድ የሚሸጥ ቤንዚን ያላየ ወጣትም የለም። ስለዚህ በፊልሙ መጀመሪያ ላይ ማክስ ከተጋጨ መኪና የሚንጠባጠበውን ቤንዚን ከሥሩ ዕቃ ደቅኖ፣ የፈሰሰውን በጨርቅ እያጠጣ ሲጨምቅ ስታዩት፣ ለሌላው ዓለም እንግዳ የሆነው ነገር ለእናንተ እንግዳ አይሆንም። ልብ በሉ፣ ገና ጠላቶቹ በአቅራቢያው ናቸው። እሱ ግን ዓይኑን ከነሱ ሳይነቅል ይለቅማል። የነዳጁ ዋጋ ከነፍስ እኩል መሆኑ በዚያች አንድ ድርጊት ተነግሮ አለቀ።

ዳይሬክተሩ ጆርጅ ሚለር በትምህርቱ ሐኪም ነው። ሲድኒ ውስጥ በሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ሠርቷል፤ የመኪና አደጋ ሰውን ምን እንደሚያደርግ ከመጽሐፍ የተማረ አይደለም። ከፕሮዲውሰሩ ከባይረን ኬኔዲ ጋር በ1979 ያወጡት የመጀመሪያው ፊልም ከ400 ሺህ የአውስትራሊያ ዶላር ባልበለጠ ገንዘብ ተሠርቶ በዓለም ዙሪያ ከ100 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር በላይ አስገባ። ከወጪው አንጻር ከፍተኛ ትርፍ ያስገኘ ፊልም ተብሎም ለ20 ዓመት ያህል በጊነስ መዝገብ ቆየ። ሚለርን ያስገረመው ግን ሌላ ነገር ነበር። ጃፓኖች ማክስን ሳሙራይ ነው አሉ። ስካንዲኔቪያኖች ብቸኛ ቫይኪንግ አሉት። ፈረንሳዮች ጎማ የተገጠመለት ካውቦይ ፊልም ነው አሉ። ሁሉም የራሱን አገር ጀግና አየበት። ሚለር ይህን ካየ በኋላ ሁለተኛውን ፊልም አውቆ በአፈ ታሪክ መልክ ሠራው፤ መጀመሪያና መጨረሻው ላይ በልጅነታቸው ማክስን ያዩ አንድ ሽማግሌ ይተርካሉ። ተረት ሰሚ ሆኖ ያደገ ሕዝብ ይህን አጀማመር ወዲያው ያውቀዋል።

ታሪኩ አጭር ነው። በረሃ መሀል ትንሽ የነዳጅ ማጣሪያ አለ። በውስጡ ጥቂት ሰዎች መሽገዋል። ከውጭ ሂውመንገስ የሚባል ጭምብል ያጠለቀ አለቃ የሚመራው የሽፍታ መንጋ ከቧቸዋል። ሰዎቹ ነዳጃቸውን ይዘው 3,200 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ሰሜን፣ ወደ ባሕር ዳርቻ መሸሽ ይፈልጋሉ፤ ነዳጅ የሞላ ተሳቢ አላቸው፣ የሚጎትተው መኪና ግን የላቸውም። ማክስ መንገድ ላይ የተጣለ ጎታች አይቷል። ጎታቹን አመጣለሁ፣ እናንተ የምሸከመውን ያህል ነዳጅ ትሰጡኛላችሁ ይላል። የፊልሙ ውል ይኸው ነው።

አንድ ነገር እዚህ ላይ ላስረዳ፤ ብዙ ተቺ አያነሳውም፣ ለታሪኩ ግን ምሰሶው ነው። ለምን ማጣሪያ? ለምን የተቀበረ ታንከር ወይም የተተወ ማደያ አልሆነም? ቤንዚን ይበላሻል። በጀሪካን ወይም በበርሜል የተቀመጠ ቤንዚን ቶሎ የሚተነው ክፍሉ ይሸሻል፣ የቀረው ከአየር ጋር ተዋህዶ ሙጫ የመሰለ ዝቃጭ ይሠራል፣ ካርቡሬተር ይዘጋል። በወራት ውስጥ ሞተር ለማስነሳት ያስቸግራል፤ በሞቃት ቦታ ደግሞ ይፈጥናል። ስለዚህ ዓለም ከፈረሰ ከዓመታት በኋላ የተዘረፈ ክምችት አያኖርም። እያወጣ እያጣራ ትኩስ ቤንዚን የሚሰጥ ቦታ ብቻ ነው ዋጋ ያለው። ተመልካቹ ይህን ኬሚስትሪ ባያውቅም፣ የሚዞረው ፓምፕና የሚጨሰው ማጣሪያ «ይህ ቦታ ሕያው ነው» የሚለውን ይነግሩታል።

ሁለተኛው ቁጥብ ነገር ጥይት ነው። ማክስ አጭር ባለሁለት አፈሙዝ ጠመንጃ ይዞ ይዞራል፣ ጃይሮኮፕተር (ሄሊኮፕተር የምትመስል ትንሽ በራሪ) የሚያበረውን ሰው በዚያ አስፈራርቶ ይማርካል። ከቆይታ በኋላ ጠመንጃው ባዶ እንደነበረ እናውቃለን። ሂውመንገስ ሽጉጡን በሳጥን ውስጥ እንደ ቅርስ አስቀምጦታል፣ ጥይቶቹም የሚቆጠሩ ናቸው። ከዚህ በኋላ በፊልሙ ውስጥ አንድ ጥይት በተተኮሰ ቁጥር እንሰማዋለን። በመጨረሻው ማሳደድ ላይ ጥይቶች በሚሮጠው ቦቴ ኮፈን ላይ ይንከባለላሉ፤ ከማክስ ጋር የተሳፈረው ትንሽ ልጅ እነሱን ለማንሳት በፊት መስታወቱ ወጥቶ በኮፈኑ ላይ ይሳባል። አንድ ሺህ ጥይት የሚተኮስበት ፊልም ውስጥ ይህ ትዕይንት ትርጉም የለውም ነበር። እዚህ ግን ትንፋሽ ያስይዛል፤ ምክንያቱም ካለፈው አንድ ሰዓት ወዲህ ጥይት ስንት እንደሚያወጣ ተምረናል። የአክሽን ጽሑፍ ለምትጽፉ፦ መሣሪያ ከመጨመር መቀነስ ይበልጣል። ባለታሪካችሁ ስንት ጥይት፣ ስንት ሊትር፣ ስንት ደቂቃ እንደቀረው ተመልካቹ በጣቱ መቁጠር መቻል አለበት።

አሁን ወደ ቦቴው። ፊልሙን ላላያችሁ መጨረሻውን መንገሬ ነው፤ ያለዚያ ሥራው አይብራራም። ማክስ ራሱ የነዳው ቦቴ ከሽፍታው አለቃ መኪና ጋር ፊት ለፊት ተጋጭቶ ሲገለበጥ፣ ከታንኩ የሚፈሰው አሸዋ ነው። እውነተኛው ነዳጅ በሌሎቹ መኪናዎች ላይ በበርሜል ተደብቆ ሄዷል። ማክስም አላወቀም፣ ተመልካቹም አላወቀም።

ባለቦቴዎች ይህን ሲያዩ የሚያነሱት ጥያቄ ትክክለኛ ነው፦ ክብደቱስ? ሒሳቡ እንዲህ ነው። አንድ ሊትር ቤንዚን 0.74 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል። 30 ሺህ ሊትር የሚይዝ ታንክ ቤንዚን ሲሞላ ጭነቱ 22 ቶን ገደማ ነው። ደረቅ አሸዋ በሊትር 1.6 ኪሎ ግራም ያህል ስለሚመዝን ያው ታንክ አሸዋ ቢሞላ 48 ቶን ይሆናል፤ ጎማውም አክሰሉም አይችለውም። ስለዚህ ቤንዚን የሞላ ለማስመሰል ታንኩን ከግማሽ በታች፣ 14 ሺህ ሊትር ያህል ቦታ ብቻ ነው በአሸዋ መሙላት የሚያስፈልገው። ሌላም ልዩነት አለ። ግማሽ የሆነ ፈሳሽ መታጠፊያ ላይ ወደ አንድ ጎን ይዘነበላል፣ ፍሬን ሲያዝ ወደፊት ይገፋል፤ ቦቴ በውስጡ በግድግዳ የሚከፋፈለውም ለዚህ ነው። አሸዋ ግን አይናጥም። ያን ቦቴ የነዳ ልምድ ያለው ሹፌር ጭነቱ ነዳጅ አለመሆኑን ከመጀመሪያዎቹ መታጠፊያዎች መጠርጠር ይችል ነበር። ፊልሙ ይህን ጥያቄ የሚያልፈው መንገዱን ቀጥ ያለ፣ ማክስንም የቆሰለና አንድ ዓይኑ ያበጠ በማድረግ ነው። እንዲህ ያለ ጥንቃቄ ያለው ተንኮል ስለሆነ በሁለተኛው ዕይታም አይፈርስም።

ከዚህ ቀጥሎ የምለው ለፊልም ሠሪዎች ይጠቅማል፤ ስለ ካርታ ነው። ማክስ ወደ ማጣሪያው ከመግባቱ በፊት ከጉብታ ላይ ሆኖ በቴሌስኮፕ ያየዋል። ለረጅም ጊዜ ከሩቅ እናያለን፦ አጥሩ የት እንደሆነ፣ በሩ በየት በኩል እንደሚከፈት፣ ሽፍቶቹ በየት እንደሚዞሩ፣ ለማምለጥ የሞከሩ መኪናዎች እንዴት እንደሚያዙ። ንግግር የለም ማለት ይቻላል። ከዚያ በኋላ በሚመጣው ትርምስ ሁሉ ተመልካቹ አይጠፋበትም፤ ካርታው በጭንቅላቱ ተስሏል። የብዙ አክሽን ፊልም በሽታ የካርታ እጦት ነው። ካሜራው ይንቀጠቀጣል፣ ከሾት ወደ ሾት የሚዘለልበት ቆረጣ ይፈጥናል፣ ማን ማንን እንደሚያሳድድ አይታወቅም። ተመልካቹ አይፈራም፤ ግራ ይጋባል እንጂ። የማሳደድ ትዕይንት ልትቀርጹ ስትነሱ መጀመሪያ ወረቀት ላይ መንገዱን ከላይ ሆናችሁ ሳሉት፤ መኪናዎቹን በቁራጭ ወረቀት እያንቀሳቀሳችሁ እያንዳንዱን ሾት ከየት እንደምትቀርጹ ቁጥር ስጡት። መኪናው ከግራ ወደ ቀኝ መሄድ ከጀመረ፣ ካሜራው በዚያው በመንገዱ ወገን ይቆይ። መሻገር ካስፈለገ ከመኪናው ፊት ለፊት ወይም ከኋላ የተቀረጸ አንድ ሾት መሀል አስገቡ፣ ከዚያ ወደ ሌላው ወገን እለፉ። ይህን የዘለለ ሰው ቆርጦ ሲገጥመው መኪናው ወደ መጣበት የተመለሰ ይመስላል።

ፍጥነቱስ? የፊልሙ የካሜራ ባለሙያ ዲን ሴምለር የቀረጸው በኒው ሳውዝ ዌልስ ምዕራብ፣ በብሮክን ሂል ከተማ ዙሪያ በሚገኝ ጠፍጣፋ ሜዳ ላይ ነው። ጠፍጣፋ ሜዳ ለፍጥነት ጠላት ነው። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር የሚበር መኪና ከሩቅ በረጅም ሌንስ ሲቀረጽ የቆመ ይመስላል፤ ዓይን ፍጥነትን የሚለካው በአጠገቡ በሚያልፍ ነገር ነውና። መፍትሔው ካሜራውን ከአስፋልቱ ጥቂት አሥር ሴንቲ ሜትር ብቻ ከፍ አድርጎ፣ በሰፊ ሌንስ፣ ከጎማው አጠገብ ማሰር ነው። የመንገዱ ቀለም፣ የዳር ቁጥቋጦውና የጎን መኪናው ጎማ በፍሬሙ ጠርዝ በኩል ሲያልፉ 60 ኪሎ ሜትሩ 100 ይመስላል።

ሁለተኛው ዘዴ በሴኮንድ ከ24 ባነሰ ፍሬም፣ ማለትም ነጠላ ምስል፣ መቅረጽ ነው። ፊልሙ በብዙ ቦታ ተጠቅሞበታል። ሒሳቡ ቀላል ነው። በ20 ፍሬም ቀርጻችሁ በ24 ስታሳዩት ፍጥነቱ 1.2 እጥፍ ይሆናል፤ በ50 ኪሎ ሜትር የሄደ መኪና 60 ይመስላል። በ18 ፍሬም 45 ኪሎ ሜትሩ 60 ይሆናል፤ በ16 ፍሬም ደግሞ 40 ይበቃል። ለተዋናዩም ለሹፌሩም ደኅንነት ትልቅ ጥቅም ነው። ልኩን ካለፋችሁ ግን ይጋለጣል። ከ18 በታች የሰው እጅና አንገት መንቀጥቀጥ ይጀምራል፣ ጭስና አቧራ ያለ ወጉ ይበተናል፣ የልብስ ጫፍ ይርገበገባል። ስለዚህ ሰው በቅርብ በሚታይበት ሾት ከ20 አትውረዱ፤ መኪና ብቻ በሚታይበት ግን ወደ 18 መውረድ ይቻላል።

ስልካችሁ 20 ፍሬም የማይቀርጽ ከሆነ በ60 ፍሬም ቅረጹና በኤዲቲንግ ፕሮግራሙ 24 በሆነ ታይምላይን ላይ ፍጥነቱን 120 በመቶ አድርጉት። ከሦስት ፍሬም አንዱ ብቻ በእኩል ርቀት ይወሰዳል፣ ይህም ልክ 20 ፍሬም ማለት ነው። በ24 ቀርጾ 120 በመቶ ማፍጠን ግን ከስድስት ፍሬም አንዱን ይዘልላል፣ እንቅስቃሴውም ይሰናከላል። በ60 ስትቀርጹ ሸተሩን (እያንዳንዱ ፍሬም ብርሃን የሚቀበልበትን ጊዜ) 1/60 ሴኮንድ ላይ ተዉት፤ ሸተሩን ከዚያ በላይ ካፈጠናችሁት ጎማው የቆመ፣ መኪናው የሚዘልል ይመስላል።

ስለ አካባቢያችን ሁለት ነገር። የአዳማ ነፋስ ቀልድ አይደለም፤ ኮረብታው ላይ የቆሙት የነፋስ ተርባይኖች ምስክር ናቸው። በጥርጊያ መንገድ ስትቀርጹ ካሜራው ነፋሱ በሚመጣበት ወገን ይሁን፤ አለዚያ ሁለተኛው መኪና ሲያልፍ ከአቧራ በቀር የሚታይ ነገር አይኖርም፣ ሌንሱም ይጫራል። በአንድ ሙከራና በሚቀጥለው መካከል አቧራው እስኪረጋ ጠብቁ፤ ካልጠበቃችሁ ሁለቱ ሾቶች ሲገጠሙ አንዱ ጥርት ያለ፣ ሌላው ጭጋግ ይሆናል። ሌላው፣ ተሽከርካሪ በሚመላለስበት መንገድ ላይ የማሳደድ ትዕይንት አይቀረጽም። ፈቃድ ተጠይቆ፣ መንገዱ በሁለቱም ጫፍ ተዘግቶ፣ በሬዲዮ የሚነጋገር ሰው ቆሞ ብቻ ነው።

ለዚህ ጥንቃቄ የፊልሙ የራሱ ታሪክ ማስረጃ ነው። ከሽፍቶቹ አንዱ በሞተር ሳይክል መጥቶ ከመኪና ጋር ሲጋጭ አየር ላይ እየተሽከረከረ ሲበር ታያላችሁ። ያ የታሰበ አልነበረም። ስተንት ሠሪው (አደገኛውን ትዕይንት በተዋናይ ፋንታ የሚሠራው) ጋይ ኖሪስ ሲዘልል እግሩ ከመኪናው ጋር ተጋጭቶ ተሰበረ፤ ሾቱ ፊልሙ ውስጥ ቀረ። በዚያ ዘመን የመውደቂያ ቦታ የሚሠራው በባዶ ካርቶን ሳጥኖች ነበር። ሳጥኖቹ በንብርብር ይደረደራሉ፣ እንዳይበታተኑ በገመድ ዙሪያቸው ይታሰራል፣ ከላይ ፍራሽ ይነጠፋል። ሰው ሲወድቅበት እያንዳንዱ ሳጥን በየተራው እየተጨፈለቀ ኃይሉን ይጨርሳል። ዘዴው የሚሠራው ግን ሰውየው በታሰበው ማዕዘን ካረፈ ብቻ ነው፤ ኖሪስን ያገኘው ጉዳት የመጣው ሳጥኖቹ ጋ ከመድረሱ በፊት ነው። ቦቴው ለሚገለበጥበት ቀረጻ ደግሞ ሹፌሩ ከቀረጻው በፊት ለ12 ሰዓታት ምግብ እንዳይቀምስ ተደርጓል፤ አደጋ ቢደርስበት ወዲያው ሰመመን ተሰጥቶት ቀዶ ሕክምና እንዲደረግለት ነው። የሐኪም ዳይሬክተር ጥንቃቄ ማለት ይህ ነው። ኖሪስ ድኖ ሥራውን ቀጠለ፣ በ2015 የወጣውን አራተኛውን ክፍል፣ «ፊዩሪ ሮድ»ን፣ የስተንት ክፍል የመራውም እሱ ነው።

የክብደት ስሜት የሚመጣው ከዚህ ነው። የሚገለበጠው ቦቴ እውነተኛ ቦቴ ነው፤ ጎታቹ ማክ መኪና ነው፤ የሚፈነዳው ማጣሪያ በእርግጥ ተሠርቶ በእርግጥ የፈነዳ ነው። ብረት ሲጣመም በምን ያህል ፍጥነት እንደሚጣመም፣ አቧራው ከምኑ በኋላ እንደሚነሳ፣ ከመንገድ ጋር የኖረ ዓይን ሁሉ ያውቃል። በኮምፒውተር የተሠራ መኪና የሚከሽፈው ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ነው። ክብደት የሌለው ነገር ይዘልላል፤ ክብደት ያለው ይጫናል።

ሁሉም ነገር እውነተኛ ነው ማለቴ ግን አይደለም። የማክስ መኪና የ1973 ፎርድ ፋልከን ነው። በኮፈኑ ላይ የሚታየው ሱፐርቻርጀር፣ ማለትም ወደ ሞተሩ አየር የሚገፋው መሣሪያ፣ ማስመሰያ ነበር። ማክስ ቀዩን ማብሪያ ሲስብ ቀበቶው መዞር ይጀምራል፣ መኪናውም ይወነጨፋል። የጋራዥ ሰዎች እንደምታውቁት እንዲህ ያለ በቀበቶ የሚዞር ሱፐርቻርጀር ሞተሩ እስከተነሳ ድረስ አብሮ ይዞራል፤ ቆሞ ከነበረ ለሞተሩ አየር ማሳለፍ ስለማይችል ሞተሩ ይታፈናል። በቀረጻው ላይ ቀበቶውን ያዞረው ትንሽ የኤሌክትሪክ ሞተር ነበር። ዘዴው ግን የፊልሙን ሕግ አልጣሰም፦ ማክስ ያለው የመጨረሻ ጉልበት በዓይን የሚታይና በእጅ የሚሳብ ሆነ። መካኒካዊ ስህተቱን የሚያውቁ ሰዎች እንኳ ያንን ማብሪያ የሚወዱት ለዚህ ይመስለኛል። የኖርማ ሞሪሶ አልባሳትም በዚሁ ሕግ የተሠሩ ናቸው፤ የስፖርት መከላከያ፣ የፖሊስ ቆዳ፣ ላባ፣ ሰንሰለት። ከፈረሰ ከተማ የተለቀመ ነገር ስለሆነ እያንዳንዱ ልብስ ከየት እንደመጣ ይናገራል።

ፊልሙ ጉድለት የለውም አልልም። ሴቶቹ ጥቂት ናቸው፣ ታሪክም አልተሰጣቸውም፤ ከአጥሩ ላይ ሆና የምትዋጋው ሴት እንኳ ስም የላትም። ሽፍቶቹ ለምን እንደተሰበሰቡ፣ አለቃቸው ከመንጋነት አልፎ ምን እንደሚያስብ አናውቅም። ሚለር ይህን ጉድለት ያረመው ከ30 ዓመት በላይ ቆይቶ በ«ፊዩሪ ሮድ» ነው፤ በዚያ ቦቴውን የምትነዳው ሴት ናት፣ ውሳኔውም የእሷ ነው። በመካከል በ1985 የወጣውን ሦስተኛውን ክፍል ብዙም አልወደውም። ባይረን ኬኔዲ በ1983 በሄሊኮፕተር አደጋ በ33 ዓመቱ ሞቶ ነበር፤ ፊልሙም የአሳዳጁንና የተሳዳጁን ጥርት ያለ ፍላጎት እስከ መጨረሻው ድረስ ያዘገየዋል።

«ፊዩሪ ሮድ» መጀመሪያ እዚያው ብሮክን ሂል ሊቀረጽ ታስቦ ነበር። ያልተለመደ ዝናብ ዘንቦ በረሃው አበባ ስላበቀለ ሥራው ወደ ናሚቢያ ተዛወረ። የተቀረጸው 480 ሰዓት ያህል ምስል ነው፤ ኤዲተሯ ማርጋሬት ሲክስል ወደ 2 ሰዓት አወረደችው፣ ኦስካርም ተሸለመችበት። ቁጥሮቹን አነጻጽሩ፦ «ማድ ማክስ 2» 1,200 ያህል ቆረጣ አለው፤ «ፊዩሪ ሮድ» 2,700 ያህል። የመጀመሪያው በአማካይ ለአንድ ሾት 5 ሴኮንድ የሚጠጋ ጊዜ ይሰጣል፣ ሁለተኛው ከ3 ሴኮንድ በታች። እንዲህ ፈጥኖ ዓይን የማይደክመው፣ የካሜራ ባለሙያው ጆን ሲል በሚለር ትእዛዝ ዋናውን ነገር ሁልጊዜ የፍሬሙ መሀል ላይ ስላስቀመጠው ነው። ተመልካቹ በእያንዳንዱ ቆረጣ «የቱን ልይ?» ብሎ ዓይኑን አያንከራትትም። ፈጣን ቆረጣ የምትወዱ ልጆች ይህን ያዙ፦ ዋናው ነገር አንዱ ሾት ላይ በግራ ጠርዝ፣ ቀጣዩ ላይ በቀኝ ጠርዝ ከሆነ ለሾቱ ከ2 ሴኮንድ በላይ መስጠት አለባችሁ። መሀል ላይ ከሆነ 1 ሴኮንድም ይበቃል።

አሁን ሙሉውን ከማየታችን በፊት የመጨረሻውን ማሳደድ ያለ ድምፅ እናየዋለን። ወረቀትና እርሳስ ያዙ። ግራ ረድፍ የተቀመጣችሁ ቦቴው በፍሬሙ ውስጥ ወደ የት እየሄደ እንደሆነ ተከታተሉ፤ አቅጣጫው በተቀየረ ቁጥር ከዚያ በፊት የነበረው ሾት ከየት እንደተቀረጸ ጻፉ። ቀኝ ረድፍ ያላችሁ የቦቴውን ተከላካዮች ቁጠሩ፤ ማን ከየትኛው ቦታ ላይ እንደወደቀና ከእሱ ጋር የትኛው መሣሪያ እንደጠፋ መዝግቡ። ማን የት እንዳለ የጠፋበት ሰው ቢኖር ያንን ደቂቃ ይጻፍልን፤ ከፊልሙ በኋላ ውይይቱን የምንጀምረው ከዚያ ደቂቃ ነው።